የቮልስ ፓራፋንጎ በፋይበር ግላስ፦ ሞልዱ ለምን ተጣበቀ?

ጥያቄው፦ «ሰላም ለእናንተ። አዲስ አበባ ነኝ። የቮልሴ የኋላ ፓራፋንጎዎች በዝገት አልቀዋል። ቮልስ ካላቸው ሦስት ጓደኞቼ ጋር ሆነን እቤት ሞልድ ሠርተን ከፋይበር ግላስ ልናወጣ አሰብን። ከአንዱ ጓደኛችን ደህና ፓራፋንጎ ወስደን፣ በስቱኮ አስተካክለን፣ ቀለም አስቀብተን፣ የመኪና ሰም አሽተንበት ማት (የብርጭቆ ክር ንጣፍ) እና ሬዚን ደረብንበት። በማግስቱ አልላቀቅም አለ። በመዶሻ እየመታን ስናወጣው ቀለሙንም ስቱኮውንም ይዞ መጣ። ምን ዓይነት ሰም ይሻላል? ሬዚኑስ ፖሊስተር ይሁን ኢፖክሲ? ስንት ድርብ ማት ይበቃል? ለመሆኑ ለስምንት ፍሬ ያዋጣል?»

ምላሽ፦

ወንድሜ፣ የጠየቅከው ስለ ሰም ነው። እኔ ግን መጀመሪያ የምጠረጥረው ቀለሙን ነው።

ፖሊስተር ሬዚን ውስጥ ስታይሪን የሚባል ፈሳሽ አለ። ጣሳውን ስትከፍት አፍንጫህን የሚመታህ እሱ ነው። ሬዚኑ ሲጠነክር ስታይሪኑም አብሮ ይጠነክራል። እስከዚያ ድረስ ግን የቲነር ባህሪ አለው። ኒትሮ ቀለም፣ ከጣሳ የሚነፋ ስፕሬይ ወይም ገና በደንብ ያልደረቀ ቀለም ካገኘ ያለሰልሰዋል። ቀለሙ ከለሰለሰ ደግሞ ከላይ ያለው ሰም ምንም አያድንህም። ቀለምህ ከነስቱኮው ተገንጥሎ መምጣቱ ወደዚህ ይጠቁማል።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ነጭ ጨርቅ በኒትሮ ቲነር አርስና በማይታይ ቦታ ላይ ለግማሽ ደቂቃ ያህል እሸው። ቀለሙ ወደ ጨርቁ ከመጣ ወይም ከተጨማደደ ሬዚን አታስጠጋው። የምትፈልገው ሀርድነር የሚቀላቀልበትን የመኪና ቀለም ነው። እሱም ቢሆን ጊዜ ይፈልጋል። ቀቢው «ነገ ይደርሳል» ቢልህ ለመኪናው ነው የሚደርሰው። ለሞልድ ቢያንስ አንድ ሳምንት፣ በክረምት ደግሞ ሁለት ሳምንት ጠብቀው።

ሰሙም ቢሆን ከተጠያቂነት አያመልጥም። ብዙዎቹ የመኪና ማንጸባረቂያ ሰሞች ሲሊኮን ወይም ማጽጃ አለባቸው። ማጽጃው አዲሱን ሰም ስትቀባ የበፊቱን ይጠርገዋል፤ አሥር ጊዜ ብትቀባም ያለህ አንድ ስስ ንጣፍ ነው። ሲሊኮኑ ደግሞ ከላይ የሚመጣውን ጄልኮት (ከማቱ በፊት የሚቀባውን ወፍራም የፊት ሬዚን) እዚህም እዚያም ክብ ክብ እያደረገ ያሸሸዋል። ለሞልድ የተሠራ፣ ከካርናውባ የሚዘጋጅ፣ ሲሊኮን የሌለበት ድፍን ሰም አለ። ሚጓየርስ ሚረር ግሌዝ ቁጥር 8 እና ፓርታል ቁጥር 2 የታወቁ ናቸው። እዚህ ካጣህ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ አስመጣ። አንድ ጣሳ ለስምንቱም ተርፎ ይቀርሃል።

ወደ ያዋጣል አያዋጣም ልምጣ። ለአንድ ፓራፋንጎ ብለህ ብትጠይቀኝ ተወው እልህ ነበር። ባትላሜራ ጋ ወስደህ የበሰበሰውን አስቆርጠህ አዲስ ላሜራ አስበይድበት። ሞልድ ከአንድ ዕቃ እጥፍ ገደማ ማትና ሬዚን ይበላል። ልፋቱ ደግሞ ከዚያም ይብሳል። የናንተ ግን ስምንት ፍሬ ነው። ቀኙ ለግራው ስለማይሆን ሁለት ሞልድ ትሠራላችሁ፣ ከእያንዳንዱ አራት አራት ታወጣላችሁ። ይሄ ያዋጣል። በሥርዓቱ የተሠራ ሞልድ ከአራትም በላይ ብዙ ስለሚያወጣ፣ ሌላ የቮልስ ባለቤት ከመጣ ወጪያችሁን ያቀልላችኋል።

ደግሞ ቮልስና ፋይበር ግላስ የቆየ ትውውቅ አላቸው። ካሊፎርኒያ ውስጥ ብሩስ ሜየርስ የተባለው ሰው እ.ኤ.አ. በ1964 ሜየርስ ማንክስ የተባለችውን የአሸዋ መኪና ሲሠራ የቮልስን ሞተር ከፋይበር ግላስ ቦዲ ጋር ነው ያጋጠመው። ሙያውን የተማረው ከጀልባ ሥራ ነበር። ሸቭሮሌትም እ.ኤ.አ. በ1953 የመጀመሪያዎቹን 300 ኮርቬቶች በፋይበር ግላስ ቦዲ አውጥቷል። ስለዚህ ለአንድ ፓራፋንጎ ዕቃው ይችላል ወይ ብለህ አትጨነቅ።

አሁን ወደ ሥራው። ከሁሉ በላይ የምመክርህ፣ ከጠቅላላው ጊዜህ አብዛኛውን በዋናው ፓራፋንጎ ላይ አጥፋው። ሞልዱ ያገኘውን ሁሉ ይገለብጣል። የብርጭቆ ወረቀት ጭረት፣ የአቧራ ነጥብ፣ በቀለሙ ውስጥ የቀረ የብሩሽ ፀጉር፣ ሁሉም ወደ ሞልዱ ይገባል። ከሞልዱ ደግሞ ወደምታወጣቸው ሁሉ ይሄዳል። እዚህ የምትተወውን አንድ ጭረት ኋላ አራት ጊዜ ታስተካክለዋለህ።

መጀመሪያ ላሜራውን ከውስጥ በኩል በእንጨት ደግፈው። ፖሊስተር ሲደርቅ ስለሚኮማተር ስስ ላሜራን ይስባል። ከዚያ ስቱኮ፣ ከዚያ መሠረት ቀለም፣ ከዚያ ከላይ የሚቀባው። ሲደርቅ በውሃ ብርጭቆ ወረቀት 600፣ 800፣ 1000፣ 1200 ቁጥር እያልክ እሸውና በፖሊሽ አንጸባርቀው። መብራቱና ቡሎኑ የሚገቡባቸውን ቀዳዳዎች ከውስጥ በቴፕ ዝጋና ልጆች በሚጫወቱበት ፕላስቲሲን ሙላ። ከላይ ግማሽ ሚሊ ያህል እንዲጎድል ተወው። ዕቃው ሲወጣ የት እንደምትበሳ ምልክቱ ያሳይሃል።

ማታ ሲሆን ረጅሙን የፍሎረሰንት አምፑል አብራና ፓራፋንጎውን ከሥሩ አስቀምጠው። የአምፑሉ መስመር ከላዩ ላይ ይታያል። ጭንቅላትህን ቀስ ብለህ አንቀሳቅስና መስመሩ በጉብታው ላይ ሲሄድ ተከተለው። ሳይሰበር ተንሸራቶ ካለፈ ደህና ነው። የሆነ ቦታ ላይ ወልገድ ካለ እዚያ ጎድጎድ ያለ ወይም ያበጠ ነገር አለ። በእርሳስ ክበበውና ወደ ስቱኮው ተመለስ። ይሄን ሥራ የሚወደው የለም። ፋይበሩን ቶሎ ልደርብ የሚል ጉጉት ይይዝሃል። ብዙ ሞልድ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው።

ቀጥሎ ቅርጹ። ዕቃው ከሞልዱ እንዴት እንደሚወጣ ማሰብ ያለብህ ፋይበር ከመንካትህ በፊት ነው። የቮልስ የኋላ ፓራፋንጎ ከመኪናው ጋር የሚታሰርበት ጠርዝ ወደ ውስጥ የታጠፈ ነው፤ ቡሎኖቹ የሚገቡት በጎማው በኩል ነው። ሞልዱን አንድ ወጥ አድርገህ ያንን ጠርዝም ካለበስከው ዕቃው እዚያ ይያዛል። ስለዚህ ሞልዱ ሁለት ክፍል ይሁን። አንዱ ትልቁን ጉብታ ይይዛል፣ ሌላው የሚታሰርበትን ጠርዝ ብቻ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ፎርማይካ የለበሰ ኤምዲኤፍ (የተጨመቀ እንጨት ሰሌዳ) በፓራፋንጎው ጠርዝ ልክ ቁረጥና፣ ከታጠፈው ጠርዝ ጋር እኩል ሆኖ ወደ ውጭ 6 ሴንቲሜትር ያህል እንዲወጣ አድርገህ እሰረው። በሰሌዳውና በላሜራው መካከል ያለውን ክፍተት በፕላስቲሲን ድፈን፣ የተረፈውን በፕላስቲክ ካርድ ጥረግ። ማዕዘኑ ጥርት ያለ ይሁን። ሰሌዳው ላይ በየ20 ሴንቲሜትሩ የፕላስቲሲን ጉብታ አድርግና ብይ እስከ ግማሽዋ ቅበርበት። ከግማሽ በላይ እንዳትወጣ፤ ከወጣች ሞልዱን ቆልፋ ትይዘዋለች። እነዚህ ብዮች ኋላ ሁለቱን ክፍሎች በየቦታቸው የሚያስቀምጡ ናቸው። ዋናው ክፍል ከደረቀ በኋላ ሰሌዳውን ብቻ አንሳ። ፓራፋንጎውን አታላቅቅ። አዲስ የወጣውን የሞልድ ክንፍ (ሰሌዳው ላይ ያረፈውን ጠርዝ) ሰም ቀብተህ ሁለተኛውን ክፍል እዚያው ላይ ደርብ። ሁለቱ አንድ ላይ እንዳሉ በትራፓኖ ብሳቸውና በ8 ቁጥር ቡሎን እሰራቸው። ከተለያዩ በኋላ የተበሳ ቀዳዳ መቼም ልክ አይመጣም።

በጎማው በኩል ያለውም ጠርዝ የታጠፈ ነው። እሱን ለመቅዳት አትድከም። እዚያም ሰሌዳ ወደ ውጭ አውጥተህ ጨርሰው። ዕቃው ሲወጣ ትርፉን ትቆርጣለህ፣ ከውስጥ ደግሞ ጠርዙን በሬዚን በተነከረ ቀጭን የማት ቁራጭ ታወፍረዋለህ። ከውጭ ልዩነቱን የሚያውቅ የለም።

ፊት ለፊት ያሉትን ፓራፋንጎዎች አሁን አትሞክሩ። የመብራቱ ጉድጓድ ብቻውን ሌላ ሞልድ ነው።

ሰሙን በስስ ቀባ። እስኪያደበዝዝ ጠብቅ፣ በንጹህ ጥጥ ጨርቅ ወልውለህ አንጸባርቅ፣ ከዚያ አንድ ሰዓት ያህል ተወው። ይሄንን ለመጀመሪያ ጊዜ ስድስት ጊዜ ድገም። ሰሌዳውንና ክንፉንም አትርሳ፤ ሰው ጉብታውን ስድስት ጊዜ ይቀባና ክንፉን አንዴ ነካ አድርጎ ያልፈዋል። በመጨረሻ የወረቀት ቴፕ ለጥፍበት። ያለ ምንም ትግል ከተላቀቀ ሰሙ ይዟል።

በሰሙ ላይ ደግሞ ፒቪኤ ይመጣል። ሲደርቅ ስስ ላስቲክ የሚሆን፣ በውሃ የሚሟሟ መለያያ ፈሳሽ ነው። አናጺ ከሚጠቀምበት ነጭ ኮላ ጋር አታምታታው። ኮላውም ጣሳው ላይ ፒቪኤ ተብሎ ሊጻፍበት ይችላል፣ ግን ሌላ ነገር ነው፤ እሱ ያጣብቃል። መለያያውን በቀለም መርጫ በስሱ ንፋ። መርጫ ከሌለህ በለስላሳ ስፖንጅ በአንድ አቅጣጫ ሳብ። አንድ ሰዓት ያህል ይደርቃል። ከዚያ በኋላ በጣት አትንካው።

ደግሞ ከዚህ ሁሉ በፊት በዚያው ቀለም የተቀባ ቁራጭ ላሜራ ላይ መዳፍ የምታህል ሙከራ ሥራ። ሰም፣ ፒቪኤ፣ ጄልኮት፣ አንድ ማት። ከተላቀቀች ፓራፋንጎውም ይላቀቃል። ይህች ሙከራ ብትኖር ኖሮ ዛሬ መዶሻ ባላስፈለጋችሁ።

ስለ ሬዚኑ፣ ፖሊስተር ይበቃችኋል። ኢፖክሲ ጠንካራ ነው፣ ሲደርቅም ብዙ አይኮማተርም፣ ግን ዋጋው ይከብዳል። ሌላም ችግር አለው። የተለመደው ማት ክሮቹ የተያያዙበት ሙጫ የሚሟሟው በስታይሪን ነው። ኢፖክሲ ስታይሪን ስለሌለው ማቱ ድርቅ ብሎ ይቀራል፣ በማዕዘን ላይ አልታጠፍም ይላል። ፖሊስተሩን ስትገዛ የተመረተበትን ቀን እይ፤ ስድስት ወር ገደማ ነው ዕድሜው፣ ሞቃት መጋዘን ከቆየ ከዚያም ያንሳል። ኮባልት የሚባለው ማፋጠኛ ገብቶበታል ወይ ብለህ ጠይቅ። የገባበት ሬዚን ብዙ ጊዜ ሮዝ ወይም ሐምራዊ መልክ አለው። ሻጩ ኮባልቱን ለብቻው በትንሽ ጠርሙስ ከሰጠህ ይሄንን አጥብቀህ ያዝ፦ ኮባልትና ማድረቂያው (ሬዚኑን የሚያጠነክረው ፈሳሽ) በቀጥታ ፈጽሞ አይገናኙም። ይፈነዳል። መጀመሪያ ኮባልቱን ሬዚኑ ውስጥ አሟሟው። ማድረቂያውን የምትጨምረው ከዚያ በኋላ ነው፣ በሌላ ዕቃ፣ በሌላ መለኪያ።

ማድረቂያው ኤምኢኬፒ ነው። ለ1 ኪሎ ሬዚን 15 ግራም፣ ማለትም 1.5 በመቶ ጥሩ መነሻ ነው። ከ1 በመቶ በታች ከሆነ በደንብ አይጠነክርም፣ ከ2 በላይ ከሆነ ይግላል፣ ይሰነጠቃል። ሬዚኑን በወጥ ቤት ዲጂታል ሚዛን መዝን። ማድረቂያውን ከፋርማሲ በሚሸጥ ሲሪንጅ ለካ፤ 15 ግራሙ 13 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። «በክዳን ሁለት» የሚለው ልማድ ይቅርባችሁ። ክዳኑ የማንኛው ጠርሙስ እንደሆነ ማን ያውቃል?

ጄልኮት ሞልዱ የሚኖረው ፊት ነው። በለስላሳ ብሩሽ ሁለት ጊዜ ይቀባል፣ በየጊዜው ለአንድ ካሬ ሜትር 500 ግራም ገደማ። ይህ 0.4 ሚሊ ሜትር ያህል ይሆናል፣ ሁለቱ ሲደመሩ 0.8። የመጀመሪያውን ስትቀባ አትቆጥብ። ከ0.3 ሚሊ ካነሰ በደንብ ሳይደርቅ ይቀራል፤ ከላይ የሚመጣው ስታይሪን ይገባበትና ፊቱ የአዞ ቆዳ መስሎ ይጨማደዳል። ያንን የምታየው ሞልዱን ስትከፍት ስለሆነ ማረሚያ የለውም። መቼ እንደደረሰ በጣትህ እይ። ይጣበቃል፣ ግን ጣትህን ስታነሳ ምንም አብሮ ካልመጣ ደርሷል። ተጣባቂ ሆኖ መቅረቱ ጥሩ ነው፤ ቀጣዩ ንብርብር የሚይዘው በዚያ ነው። የሞልዱን ጄልኮት ጥቁር አድርገው፣ የዕቃውን ነጭ ወይም ግራጫ። ሁለቱ ከተመሳሰሉ የቱ ጋ እንደሳሳ አታየውም።

ጄልኮቱ ላይ መጀመሪያ የሚመጣው ባለ 300 ግራም ማት (በካሬ ሜትር 300 ግራም የሚመዝን) ብቻ ነው። ስስ ስለሆነ ማዕዘን ላይ በደንብ ይተኛል። መጀመሪያ ሬዚን ቀባ፣ ማቱን አስተኛ፣ ከላይ በብሩሽ ነካ ነካ እያደረግህ አርስ። አትጎትተው። ማቱ ነጭነቱን ትቶ ሲያሳልፍ ሬዚን ጠግቧል። ከዚያ በባለ ጥርስ የብረት ሩሎ አየሩን አስወጣ። በጥርት ማዕዘኖች ላይ ነጭ አረፋ ፈልግ። እዚያ የቀረ አየር በኋላ ጄልኮቱ ሲመታ ጉድጓድ ሆኖ ይከፈታል። ይህን አንድ ንብርብር ለብቻው ሌሊቱን አሳድረው።

በማግስቱ ሁለት ባለ 450 ግራም ማት፣ በሌላው ቀን ሌላ ሁለት። ሁሉንም በአንድ ቀን አትከምር። ሬዚን ሲደርቅ ሙቀት ያወጣል፣ ወፍራም ሲሆን ይብሳል፣ ሞልዱን ያጣምመዋል። እያንዳንዱ 450 ማት አንድ ሚሊ ገደማ ይሰጥሃል፤ በጠቅላላው ከ5 ሚሊ በላይ ይሆናል። ለዕቃው ግን አንድ 300 እና ሁለት 450 ይበቃል፤ ከጄልኮቱ ጋር 3 ሚሊ ገደማ ነው። ሬዚኑን ስታስብ የማቱን ክብደት በ2 ከሩብ አባዛ። ለሞልዱ በካሬ ሜትር 2.1 ኪሎ ማት ነው፣ ስለዚህ 5 ኪሎ ሬዚን ያዝ። ለዕቃው 1.2 ኪሎ ማት፣ 3 ኪሎ ሬዚን። ፓራፋንጎህን በጋዜጣ ሸፍነህ ጋዜጣውን ብትለካ ስፋቱን ታውቃለህ፤ ክንፉን ጨምርበት።

ሞልዱ እንዳይወዛወዝ ከጀርባው እንጨት ወይም ቀጭን የብረት ቱቦ በማት ቁራጭ ታስረዋለህ። ይህ የሚደረገው ሁሉም ከደረቀ በኋላ ነው። ቶሎ ከታሰረ የቱቦው መስመር በፊት በኩል ብቅ ይላል።

የአዲስ አበባ አየር ለዚህ ሥራ ብዙም አያመችም። ፖሊስተር የሚወደው ከ18 እስከ 25 ዲግሪ ነው። ከ15 በታች ይተኛብሃል፤ ላዩ የደረቀ ይመስላል፣ ውስጡ ግን አልበሰለም። ኅዳርና ታኅሣሥ ቀኑ ደህና ነው፣ ሌሊቱ ግን ይቀዘቅዛል። ሐምሌና ነሐሴ እርጥበቱ ይጨመራል፣ እርጥብ ማት ደግሞ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ከረፋዱ 4 ሰዓት ጀምር። ብርዱ ሳይመጣ ይጠነክርልሃል። ቀጥታ ፀሐይ ላይ ግን አታውጣው። ቀዝቅዞብኛል ብለህ ማድረቂያ አትጨምር። የተከደነውን የሬዚን ጣሳ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አቁመው፣ ክፍሉንም ቀድመህ በኤሌክትሪክ አሙቀህ ማሞቂያውን አጥፋና ጀምር። ድሬዳዋ ያለ ሰው ችግሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ማድረቂያውን ወደ 1 በመቶ ያውርድ፣ በትንሽ በትንሹ ይቀላቅል፣ በማለዳ ይሥራ።

ከሰል እንዳታስብ። የስታይሪን ትነት 31 ዲግሪ አካባቢ ከደረሰ በእሳት ይያያዛል። ብሩሽ የምታጥብበት አሴቶን ደግሞ በማንኛውም ቅዝቃዜ ይያያዛል። በጋራ ግቢ ውስጥ የምትሠራ ከሆነ ለጎረቤቶች ቀድመህ ንገር። አጠገብህ ቡና ሊፈላ ከሰል ከተቀጣጠለ ጣሳውን ክደንና ጠብቅ። ልጆችን አርቅ። የሐኪም ቤት ማስክ ለስታይሪን ምንም አይሠራም፤ ለኦርጋኒክ ትነት የሚሆን ካርትሪጅ ያለው ማስክ ግዛ። በር ሁሉ ይከፈት።

ዓይንህን ደግሞ ጠብቅ። ኤምኢኬፒ አንዲት ጠብታ ዓይን ውስጥ ብትገባ ሊያሳውር ይችላል። ማድረቂያ ስትለካ መነጽር አድርግ፣ አንድ ባልዲ ንጹህ ውሃ ከጎንህ ይኑር። ከገባ ወዲያውኑ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በውሃ እጠብና ወደ ሐኪም ሂድ። ውሃው ይቅደም፣ ሐኪሙ በኋላ። የተረፈ ሬዚን በጣሳ ውስጥ ተከማችቶ አይቀር፤ ይግላል፣ ያጨሳል፣ አንዳንዴም ይነዳል። ላስቲክ ላይ በስሱ አፍስሰህ ውጭ አስቀምጠው። ማድረቂያ የነካው ጨርቅም ተጠቅልሎ ቆሻሻ ውስጥ አይገባም። ውሃ ውስጥ አድርገው።

ሞልዱን ሦስት ቀን አትንካው። ከዚያ ከፕላስቲክ ወይም ከእንጨት በተሠራ ሽብልቅ ዙሪያውን ቀስ እያልክ ክፈት። ካቻቢቴ አታስገባ፤ ጄልኮቱን ይገምጠዋል። ትንሽ ከተከፈተ ለብ ያለ ውሃ አፍስስበት። ፒቪኤው ይሟሟል። በጎማ መዶሻ ከጀርባው ጠቅ ጠቅ አድርግ። ድምፁ ሲለወጥ እዚያ ቦታ ተላቋል ማለት ነው። ከወጣ በኋላ ፒቪኤውን በውሃ እጠብ፣ በ1000 እና በ1200 ቁጥር አሽ፣ አንጸባርቅ። ከዚያ ሳምንት ያህል ይረፍ። ስታይሪኑ ወጥቶ ሳያልቅ ዕቃ ከተሠራበት ይጣበቃል። መጀመሪያ ለምታወጣቸው ሦስት ዕቃዎች በየጊዜው ሞልዱን እንደገና ስድስት ሰምና ፒቪኤ ስጠው። አራተኛው ላይ አንድ ሁለት ሰም ይበቃዋል።

ዕቃው ላይ አንድ ብልሃት አለ። ሬዚኑ ከፈሳሽነት ወጥቶ ገና ቆዳ በሚመስልበት ሰዓት ከሞልዱ ጠርዝ የተረፈውን ማት በስለታም ቢላ ቁረጥ። እንደ ሁኔታው ከአንድ ሰዓት በኋላ ገደማ ይደርሳል። አልፎህ ከጠነከረ በፍሌክስ ነው የምትቆርጠው፤ ያኔ የብርጭቆው አቧራ ግቢውን ይሞላዋል፣ ሰውነትህንም ሲያሳክክህ ያድራል። ቆርጠህ ከሆነ በቀዝቃዛ ውሃ ታጠብ።

በመጨረሻ ሲገጠም። የቡሎን ቀዳዳዎቹን ከዋናው ላይ ለካና ብሳ፣ ከሥር ሰፋፊ ሮንዴላ አድርግ። በ13 ቁልፍ እንደ ላሜራ አጥብቀህ አትያዘው፤ ፋይበር ይሰነጠቃል። በቦዲውና በፓራፋንጎው መካከል የሚገባውን የጎማ ጥብጣብ አዲስ ግዛ። የኋላ መብራቱን ደግሞ አስብበት። በላሜራው ጊዜ ማሳውን (የኔጌቲቭ መስመሩን) የሚያገኘው በፓራፋንጎው በኩል ነበር። ፋይበር ግላስ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ስለዚህ ሁሉን ገጥመህ ፍሬቻው አልበራ ካለህ አምፑል አትቀይር። ከመብራቱ ቤት አንድ ሽቦ ስበህ ቀለሙ ከተፋቀ የቦዲ ብረት ጋር እሰረው።